«1 ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው? የማሽኑ መዝገብና የጅማ ቡና ነጋዴ

ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ደንበኞች በሂሳባቸው ካላቸው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ለጥቂት ሰዓታት መፍቀዱ ይታወሳል። ወሬው በስልክ ከግቢ ወደ ግቢ ተዛምቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተሰልፈው ማደራቸው በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ ተማሪ ለቢቢሲ እንደ ተናገረው በዚያ ግቢ ነገሩ የተሰማው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነበር። ባንኩ ቆይቶ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስም እስከ መለጠፍ ደርሷል። በዚያ ሌሊት ማን፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንዳወጣ አንድ በአንድ የሚያውቀው ግን ማሽኑ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው።

አሁን በምሳሌ አንድ የአጋሮ ቡና ሰብሳቢ እናስብ። ሰውየው በዚያው ዓርብ ቀን መሽቶ ሳይመሻሽ፣ ብልሽቱ ከመከሰቱ ከብዙ ሰዓት በፊት፣ ለጭነት የሚከፍለውን የራሱን ገንዘብ ጅማ ከሚገኝ ማሽን አወጣ። ቢጠየቅ «1 ሰዓት ላይ ነው ያወጣሁት» ይላል። እውነቱን ነው፤ ማታ 1 ሰዓት ነበር። ይሁን እንጂ ከባንኩ ኮምፒዩተር በወጣ ወረቀት ላይ «01:00» የሚለው ቁጥር የሚያመለክተው ከሌሊቱ 7 ሰዓትን፣ ማለትም ተማሪዎቹ የተሰለፉበትን ሰዓት ነው። የሰውየው ትክክለኛ ሰዓት በማሽኑ ወረቀት 19:00 ተብሎ ነው የሚገኘው። ንጹሑም ጥፋተኛውም በአንድ ቃል «1 ሰዓት» ይባላሉ ማለት ነው።

ቀኑም ቢሆን አያግባባም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ገንዘብ ያወጣ ሰው «ዓርብ ሌሊት» ነው የሚለው፤ ለሀገሬው ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። የባንኩ ወረቀት ደግሞ «ቅዳሜ» ይላል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ቀኑ በእኩለ ሌሊት ይለወጣል። ከሁለቱም በስተ ጀርባ ያለው የማሽኑ ጥሬ መዝገብ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት የተያዘ ከሆነ ያው ድርጊት «ዓርብ 22:00» ሆኖ ተጽፎ ይገኛል። አንድ ድርጊት፣ ሦስት አጻጻፍ፣ ሁለት ዕለት።

ጉዳዩ የባንክ ብቻ አይደለም። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራና በበደሌ የቡና ንግድ ከእጅ መዝገብ ወደ ማሽን መዝገብ እየተሸጋገረ ነው። የእሸት ቡና መረከቢያው ሚዛን ቲኬት ያትማል፤ ባንኩና ቴሌብሩ መልእክት ይልካሉ፤ የመጋዘኑ ኮምፒዩተር የገባውን ጭነት ይመዘግባል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው በድምፅ ይጫረቱ፣ ሲስማሙም እጅ ለእጅ ይማቱ ነበር። ምስክሩ ዓይንና ጆሮ ነበር። ገበያው እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ከተሻገረ ወዲህ ግን ምስክሩ የሰዓት ማህተም ሆኗል። በኤሌክትሮኒክ ገበያዎች ዘንድ በተለመደው ደንብ ሁለት ሰዎች በእኩል ዋጋ ትእዛዝ ቢሰጡ ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ የተመዘገበው ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ሰከንድም ገንዘብ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሲሳሳቱማ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ማሽኑ እንዴት ይቆጥራል?

ኮምፒዩተር ጥርን አያውቅም፣ ጃንዋሪንም አያውቅም። አብዛኛዎቹ ማሽኖች የሚያውቁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፣ በግሪንዊች ሰዓት፣ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ይቆጥራሉ። የቆጠራው መነሻ በእኛ አቆጣጠር ታህሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ቆጠራው የሚካሄድበት መነሻ ሰዓት በአሁኑ ወቅት ዩ.ቲ.ሲ. ይባላል። ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች።

ለምሳሌ ያህል በአንድ መዝገብ ላይ 1736924400 የሚል ቁጥር ተገኘ እንበል። ይህን የሂሳብ ሹሙም በእጅ ማሽን ሊፈታው ይችላል። የ3 ሰዓቱን ልዩነት፣ ማለትም 10,800 ሰከንድ፣ ሲጨምሩበት 1736935200 ይሆናል። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስለሆነ በዚያ ሲያካፍሉት 20,103 ሙሉ ቀናትና 36,000 ትርፍ ሰከንድ ይወጣል። ትርፉ 10 ሰዓት ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጠዋቱ 10:00 ማለት ነው። ከዚያ ላይ 6 ሲቀነስ ከረፋዱ 4 ሰዓት ይመጣል። 20,103ቱ ቀናት ደግሞ ከታህሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥተው ሲቆጠሩ ረቡዕ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ ያደርሳሉ።

የሀገራችን የቀን አቆጣጠር ለኮምፒዩተር ያስቸግራል ሲባል ይሰማል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን በመሆናቸው ዓመቱ አንዴ ከታወቀ በኋላ ሥራው ለ30 ማካፈል ብቻ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ከመስከረም 1 ጀምሮ ያለፉት 126 ቀናት ናቸው፤ ለ30 ሲካፈሉ 4 ወርና 6 ቀን፣ ስለዚህ የአምስተኛው ወር ሰባተኛ ቀን፣ ጥር 7። የአውሮፓውን ካላንደር የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጅ ግን 28፣ 30 እና 31 የሚሉ ወሮችን በሰንጠረዥ መያዝ አለበት።

ከሰዓቱ ስሌት አንድ አቋራጭ ይገኛል። ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት 3 ይደመራል፤ ወደ ሀገርኛው ሰዓት ለመምጣት 6 ይቀነሳል። ተደምሮ ሲታይ የግሪንዊችን ሰዓት ወደ ሀገርኛ ለመለወጥ 3 መቀነስ ብቻ በቂ ነው፤ ከ12 ከበለጠ 12 ይጣላል። በዩ.ቲ.ሲ. 07:00 የተባለው ረፋድ 4 ሰዓት ነው። 22:00 የተባለው 19፣ ማለትም ሌሊት 7 ሰዓት ነው።

መዝገቡ 10 አሃዝ ሳይሆን 13 አሃዝ ያለው ቁጥር ከሆነ ማሽኑ የሰከንድን አንድ ሺህኛ ድረስ ቆጥሯልና የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች መጣል ነው። በቲኬት ላይ 1970 የሚል ዓመተ ምሕረት ከታየ ደግሞ ማስላትም አያስፈልግም፤ የማሽኑ ትንሽ ባትሪ ሞታ ወይም መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ተሰርዞ ከዜሮ ጀምሯል። እንዲህ ያለው ቲኬት ለክብደት እንጂ ለጊዜ ማስረጃ አይሆንም።

የድሮዎቹ ማሽኖች ቆጣሪ 2,147,483,647 ላይ ይሞላል። ያ ቅጽበት በእኛ የሚውለው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ነው። ሀገሩ ሁሉ ለጥምቀት በወጣበት ጠዋት መሆኑ ነው።

ቃሉ ተተርጉሞ ቁጥሩ ሲቀር

እስካሁን የተባለው ስሌት ነው፤ ስሌቱን ደግሞ ማንኛውም ፕሮግራም በቅጽበት ይሠራዋል። አደጋው ያለው ከስሌቱ በኋላ ነው። ስልኮችና ፕሮግራሞች በብዛት የሚጠቀሙበትና ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚያዘጋጀው የአማርኛ የቃላት ሰንጠረዥ «ኤ.ኤም.» የሚለውን «ጥዋት»፣ «ፒ.ኤም.» የሚለውን ደግሞ «ከሰዓት» ብሎ ተርጉሞታል። ቁጥሩን ግን አልነካም። ስለዚህ ስልኩን በአማርኛ ያደረገ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የመጣለት መልእክት «1:00 ጥዋት» ተብሎ ይታየዋል። ማን ነው ይህን አይቶ ጠዋት 1 ሰዓት ነው የማይለው? ማታ 1 ሰዓት የመጣውም «7:00 ከሰዓት» ይባላል፤ አንባቢው ከምሳ በኋላ የመጣ ያደርገዋል።

የእንግሊዝኛው ሰዓት በእንግሊዝኛ ቢቀር ይሻል ነበር። ባዕድ ነገር ሲያይ ሰው ይጠነቀቃል፤ «ፒ.ኤም.» የሚለውን ያየ ነጋዴ ቢያንስ ቆም ብሎ 6 ይቀንሳል። በአማርኛ የተጻፈውን ግን የሚጠራጠር የለም።

ስህተቱ የማይጋለጠው ስድስት ሰዓት አሳሳች ልክ በመሆኑ ጭምር ነው። ልዩነቱ ሁለት ቀን ቢሆን ወዲያው ይታወቃል። ስድስት ሰዓት ግን ጠዋትን ወደ ቀትር፣ ቀትርን ወደ ምሽት ብቻ ይወስዳልና ሁለቱም የሥራ ሰዓት ይመስላሉ። የመጋዘን በር ጥበቃ በእጁ መዝገብ «አይሱዙው የገባው 2:10» ብሎ ይጽፋል። ሚዛኑ ያንኑ ጭነት «8:25» ብሎ ያትማል። በመካከሉ ያለፈው 15 ደቂቃ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን መኪናው ስድስት ሰዓት ከሩብ ያለ ሥራ እንደ ቆመ ያስባል፤ የመኪናው ባለቤትም ለቆመበት ክፈሉኝ ቢል የያዘው ማስረጃ አለ። በእሸት ቡናም እንዲሁ ነው። እሸት በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ስለሚበላሽ ማጠቢያ ጣቢያው ስንት ሰዓት ተረከበ፣ ስንት ሰዓት ፈለፈለ የሚለው ለገዢው ትልቅ ቁም ነገር ነው። «7:00» ተብሎ የታተመ መረከቢያ ማታ 1 ሰዓት ይሁን ከቀኑ 7 ሰዓት ከቲኬቱ ላይ ካልታወቀ ቡናው ሳይፈለፈል የቆየበት ጊዜ በስድስት ሰዓት ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ኒውዮርክ ሲዘጋ

ጅማ 5 በሚል ደረጃ የሚታወቀውን ደረቅ ቡና ጨምሮ የሀገራችን ቡና በውጭ ሲሸጥ ዋጋው የኒውዮርክን የአረቢካ ገበያ ተመርኩዞ ነው የሚነገረው። በዚያ ገበያ የወደፊት ርክክብ ውል የሚገበያየው በኒውዮርክ ሰዓት ከንጋቱ 4:15 እስከ ቀኑ 1:30 ነው። እነርሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ፣ እኛ ደግሞ ስለማናዛውር፣ የመክፈቻና የመዝጊያው ሰዓት ለጅማ ነጋዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለወጣል።

ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ባለው ጊዜ ገበያው በሀገራችን ሰዓት ረፋድ 5:15 ተከፍቶ ማታ 2:30 ይዘጋል። በቀረው ጊዜ ከቀኑ 6:15 ተከፍቶ ማታ 3:30 ይዘጋል። ለማስታወስ ቀላሉ መንገድ በኒውዮርክ ሰዓት ላይ በመጀመሪያው ወቅት 1፣ በሁለተኛው 2 መጨመር ነው። በጋና ክረምት እያሉ ማስታወስ ግን አይመከርም፤ የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ነውና ይምታታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ለውጡ የዋለው የካቲት 30 ቀን 2017 እና ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። ሁለተኛው በጅማ ዙሪያ ለቀማው በሚጋጋልበት ወቅት መዋሉን ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ ከላይ የተባለው የ«ከሰዓት» ጉዳይ ይመለሳል። ገበያው ማታ 2:30 ሲዘጋ የሚወጣው የመዝጊያ ዋጋ በአማርኛ ስልክ ላይ «8:30 ከሰዓት» የሚል ማህተም ይዞ ይቀመጣል። በማግሥቱ ጠዋት አጋሮ ላይ የሚያነበው ደላላ ትናንት ከቀኑ 8:30 የወጣ፣ በገበያው መሐል የነበረ ዋጋ ነው ብሎ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሲፈልግ ይውላል። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም፤ የያዘው የመዝጊያው ዋጋ ነው። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ የመሐሉን ዋጋ መዝጊያ አድርጎ የሚዋዋል አለ።

ስንት ያወጣል? በጥር መጨረሻና በየካቲት 2017 ዓ.ም. የኒውዮርክ አረቢካ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓውንድ ከ4 ዶላር ባለፈበት ሰሞን ገበያው በአንድ ቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። በፓውንድ የ10 ሳንቲም ልዩነት በኩንታል 22 ዶላር ያህል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች በሚይዝ አንድ ኮንቴይነር ላይ ከ4,200 ዶላር በላይ ይሆናል።

ቀኑስ?

ሰዓቱን ያስተካከለ ሰው በቀኑ ይያዛል። በእጅ የተጻፈ «7/5/2017» የጥር 7 ውል ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ግን እንደ አቀማመጡ ሜይ 7 ወይም ጁላይ 5 ብሎ፣ ያውም የአውሮፓ 2017፣ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበለዋል። ውሉ ከሰባት ዓመት በላይ አረጀ ማለት ነው። «30/2/2017»፣ የጥቅምት 30 ውል፣ ሲገባለት ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ማሽኑ እምቢ ይላል። በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ብላ 28 አድርጋ ታልፈዋለች። ከሁሉ የሚያስቀው ጳጉሜን ነው። «5/13/2016» በኢትዮጵያ አጻጻፍ ጳጉሜን 5 ሲሆን በአሜሪካ አጻጻፍ የተቀመጠ ማሽን ሜይ 13 ብሎ ይወስደዋል፤ በእንግሊዝ አጻጻፍ የተቀመጠው ደግሞ 13 ወር የለም ይላል። ሂሳብ በሚዘጋበት ሰሞን አንዱ ቢሮ አስገብቶ ሌላው ቢሮ ያልቻለበት ምክንያት ይህ ሆኖ ይገኛል።

በወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

በሥራው የቆዩ ሰዎች የሚከተሉት ዘዴ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ የማሽኑ ሰዓት አይነካም። የስልኩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ «ሀገርኛ አደረግሁት» የሚል አለ። ለዓይኑ ይመቸው ይሆናል፤ ነገር ግን የሚያነሣው የናሙና ፎቶግራፍ ሁሉ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የተነሣ ሆኖ ይመዘገባል፣ የባንክ ፕሮግራሞችም ሊከፈቱለት እምቢ ይላሉ። የሀገር ምርጫ ሲመጣ አንዳንድ ማሽን አዲስ አበባን ሳያሳይ «ናይሮቢ» ቢል ሊያሳስብ አይገባም፤ ሁለቱም ከተሞች ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድሙ ናቸው።

ሁለተኛው፣ በውልና በርክክብ ወረቀት ላይ የ24 ሰዓቱን አጻጻፍ ከሀገርኛው ጋር አጣምሮ መጻፍ ነው፤ «20:30፣ ማታ 2:30» እንደሚባለው። በሀገራችን አነጋገር ከ12 የሚበልጥ ሰዓት የለም። ስለዚህ 13 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ያለ ጥርጥር የአውሮፓ ነው፤ ግራ የሚያጋባው ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ የሚታተመው ብቻ ነው። መኪና የሚራገፈው፣ ናሙና የሚወሰደው፣ ባንክ የሚከፈተው ግን አብዛኛው በዚሁ ውስጥ ስለሆነ «07:40» ብቻ ብሎ የሚተው ወረቀት መቀበል አይገባም።

ክርክር ከተነሣ ደግሞ የታተመውን ወረቀት ይዞ ከመሟገት ጥሬውን መዝገብ መጠየቅ ይሻላል። ባንኩን፣ መጋዘኑን ወይም የሚዛኑን ባለቤት «ስንት ሰዓት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ትርጉም ማምጣት ነው፤ የሚጠየቀው «መዝገቡ በዩ.ቲ.ሲ. ነው ወይስ በእኛ ሰዓት? የማሽኑ ሰዓት መቼ ተስተካከለ?» ተብሎ ነው። 1736924400 የሚለው ቁጥር በጅማም በኒውዮርክም አንድ ቅጽበት ነው፤ ጥዋትም ከሰዓትም አያውቅም። የአጋሮው ሰብሳቢም «1 ሰዓት» ማለቱን ትቶ ዓርብ መጋቢት 6 በዩ.ቲ.ሲ. 16:00 ላይ ያለውን መዝገብ አሳዩኝ ቢል የሚፈልገውን መስመር ያገኘዋል።